«ሰዓት» እና «ቆጣሪ»፦ በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ትችት

የኮምፒዩተርን የውስጥ አሠራር የሚመለከቱ ጽሑፎች ወደ አማርኛ በሚመለሱበት ጊዜ ተርጓሚውን አብዝተው የሚያሳስቱት የሚያውቃቸው የሚመስሉት ቃላት ናቸው። ፈጽሞ ለማያውቀው ቃል ባለሙያ ይጠይቃል፤ ካልሆነለትም የባዕዱን ቃል እንዳለ ይወስዳል። የሚያውቀው ለመሰለው ቃል ግን ማንንም አይጠይቅም። «ሰዓት» ከእነዚህ ቃላት አንዱ ነው።

ለዚህ ትችት ምክንያት የሆነን በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚሠሩ ጥቂት የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ለሥልጠና እንዲያገለግላቸው ያዘጋጁትና አስተያየት እንድንሰጥበት የላኩልን የትርጉም ረቂቅ ነው። ረቂቁ የሚያነሣው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በአንድ ኮምፒዩተር አካል ላይ ብዙ ኮምፒዩተሮች ያሉ ያህል ተደርጎ ሲሠራ፣ የእያንዳንዳቸው ሥርዓተ ክወና ጊዜን ለመለካት በፕሮሰሰሩ ውስጥ በሚገኘው ቆጣሪ ሊተማመን ይችላልን? ረቂቁ የሚሰጠው መልስ በአንድ ዐረፍተ ነገር የተጠቃለለ ነው፤ «የፕሮሰሰሩ ሰዓት ቆጣሪ በምናባዊ ማሽን ውስጥ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። አማርኛው የተስተካከለ ነው፤ ሰዋስዉም እንከን የለበትም። ነገር ግን «ሰዓት» የሚለውም፣ «ምናባዊ» የሚለውም፣ «አስተማማኝ» የሚለውም እያንዳንዱ ሊለይ የሚገባውን ነገር አዳብሎ ይዟል። ያልተነካው «ቆጣሪ» ብቻ ነው፤ እርሱንም ቢሆን አጠገቡ የቆመው «ሰዓት» አበላሽቶታል።

ከ«ሰዓት» እንጀምር። ቃሉ በግዕዝ የቀንና የሌሊት ክፍል ስም ነው፤ መጽሐፈ ሰዓታትም ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ነው። በዛሬው አማርኛ ግን ሸክሙ በዝቷል። የቆይታ መጠን ነው፤ ከቀኑ ውስጥ አንዲት ነጥብ ነው፤ በእጅ የሚታሰር ወይም በግድግዳ የሚሰቀል መሣሪያ ነው፤ አልፎ አልፎም ጊዜ በጠቅላላው ነው። «ሰዓት የለኝም» ያለ ሰው ጥድፊያ ላይ ይሁን ወይም የእጅ ሰዓት ያልገዛ ይሁን የሚለየው ከሁኔታው ነው። «ሥራውን በሁለት ሰዓት ጨረሰ» ስንል ደግሞ ሁለት ሰዓት ፈጀበት ማለታችን ይሁን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፈጸመ ማለታችን ይሁን «በ» የምትለው መስተዋድድ አትነግረንም። በዕለት ንግግር ይህ አያስቸግርም፤ የሚሰማው ሰው አጠገባችን ነው፤ ይጠይቀናል። ከርነል ግን የሚጠይቀው የለውም። አንዱን ሥራ «ከዚህ ቆይታ በኋላ ቀስቅሰው»፣ ሌላውን «እዚህ ነጥብ ላይ ሲደርስ ቀስቅሰው» ተብሎ ሁለት የተለያየ ትእዛዝ ይሰጠዋል። ለሁለቱም የሚጠቀምበት መለኪያ የተለያየ ነው። ረቂቁ ሁለቱንም «በሰዓቱ ያነቃዋል» ብሎ በአንድ ቃል አልፏቸዋል።

የፕሮሰሰሩ ቆጣሪ ከእነዚህ ከአራቱ የ«ሰዓት» ትርጉሞች አንዱም አይደለም። በኢንቴል ኩባንያ ፔንቲየም ፕሮሰሰር ላይ እ.ኤ.አ. በ1993 የመጣ ባለ 64 ቢት መዝገብ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሲነሣ ከዜሮ ይጀምርና በእያንዳንዱ ምት አንድ እየጨመረ ይሄዳል። በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ በሚመታ ፕሮሰሰር ላይ ሞልቶ ወደ ዜሮ ለመመለስ 195 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ከርነል አብልጦ የሚወደው ንባቡ ርካሽ ስለሆነ ነው፤ አንዲት ትእዛዝ ትበቃለች። ከእርሱ ቀድሞ የነበረው፣ በሴኮንድ 1,193,182 ጊዜ የሚቆጥረው አሮጌ መሣሪያ ከፕሮሰሰሩ ውጭ የተቀመጠ በመሆኑ እርሱን አንብቦ ለመመለስ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ የምናወራው ስለ አንድ ፈጣንና ትጉህ ቆጣሪ ነው። ስንት እንደ ቆጠረ ያውቃል፤ የቆጠረው ስንት ሴኮንድ እንደሚሆን ግን አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ከርነሉ ነው፤ እርሱም በመነሻው ላይ ቆጣሪውን ፍጥነቱ ከሚታወቅ ከሌላ መሣሪያ ጋር አስተያይቶ፣ በዚህን ያህል ቆይታ ይህን ያህል ቆጠረ ብሎ ስላሰላ ነው።

ረቂቁ ለዚህ መሣሪያ ሁለት ስም ሰጥቶታል። በርዕሱ ላይ «የጊዜ ማኅተም ቆጣሪ» ይለዋል፤ በሐተታው ውስጥ «ሰዓት ቆጣሪ» ይለዋል። የመጀመሪያው የአምራቹን ስም ቃል በቃል የመለሰ ነው። ስሙን ያወጣው አምራቹ ራሱ ቆጠራን ከጊዜ ጋር ስላደባለቀ ተርጓሚዎቹን በዚህ አንወቅሳቸውም። ሁለተኛው ግን ከዚህም የባሰ ነው። «ሰዓት ቆጣሪ» በእጅ ስልኮች የአማርኛ ገጽ ላይ የተሰጠው ገደብ ሲያልቅ ድምፅ ለሚያሰማው መሣሪያ ውሎ ሕዝብ ለምዶታል። ሠልጣኙ ይህን ስም ሲያነብ የሚታየው ወደ ታች እየቆጠረ የሚያልቅና የሚጮኽ ነገር ነው። የእኛ ቆጣሪ ደግሞ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል፤ አይጮኽም፤ የሚያስጠነቅቀውም ነገር የለም።

እኛ «የምት ቆጣሪ» እንዲባል እናሳስባለን። ምት የልብም የከበሮም ነው፤ መደጋገምን እንጂ የጊዜን መጠን አይናገርም፤ ሰው ሲሮጥ የልቡ ምት ይፈጥናል፤ ሲያርፍ ይዘገያል። የመጀመሪያዎቹ ቆጣሪዎች ጠባይም ይኸው ነበር። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፕሮሰሰሮች ኃይል ለመቆጠብ ሥራ ሲቀል ፍጥነታቸውን ዝቅ ማድረግ ሲጀምሩ፣ ቆጣሪውም አብሮ እየዘገየ ከርነሎችን አስቸገረ። በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ሁለት ኮር በገባ ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ኮር የየራሱን ቆጠራ ይዞ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ፕሮግራም ቀድሞ ካነበበው ያነሰ ቁጥር የሚያነብበት ጊዜ ነበር። አምራቾቹ ከ2007 እና ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ቢለዋወጥም ሆነ ፕሮሰሰሩ ቢያንቀላፋ በአንድ ፍጥነት ብቻ የሚቆጥር መሣሪያ አወጡ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቁቅ አንባቢ ይቃወመን ይሆናል፤ የዛሬው ቆጣሪ የፕሮሰሰሩን የሥራ ምት ስለማይከተል «የምት ቆጣሪ» መባሉም ትክክል አይደለም ይለናል። ተቃውሞው ክብደት አለው። መልሳችን ስሙ «የፕሮሰሰሩ የሥራ ምት ቆጣሪ» እንዳይሆን ያስጠነቀቅነው ለዚህ ነው የሚል ነው፤ የማን ምት እንደሆነ ስሙ አይናገርም፤ ቆጣሪው ግን የሆነ ምት ይቆጥራል።

አንዳንዶች ከባሕረ ሐሳብ ቃል እንድንወስድ፣ ምትን «ሣልሲት» ወይም «ራብዒት» እንድንለው ሐሳብ አቅርበውልናል። ቃላቱን እንወዳቸዋለን። ነገር ግን ኬክሮስ የዕለት ስድሳኛ ክፍል ነው፤ ካልዒት የኬክሮስ ስድሳኛ ነው፤ ሣልሲትም እንዲሁ እያለ ይወርዳል። ሁሉም ከዕለት የተከፈሉ የጊዜ ክፍሎች ናቸው። ምት ከዕለት አልተከፈለም። ይህን ስም ብንሰጠው ልናርመው የተነሣነውን ስሕተት በግዕዝ አስውበን መልሰን ማስገባታችን ነው።

«ቆጣሪ» የሚለው ቃል ግን በረቂቁ ውስጥ ካሉት ሁሉ የተሻለው ነው፤ ተርጓሚዎቹ ምን ያህል ዕድለኛ እንደሆኑ የተገነዘቡት አይመስለንም። በመካኒሳም ሆነ በለቡ በአንድ ግቢ የተከራዩ ቤተሰቦች «ቆጣሪ» ሲባል የሚያስቡት የመብራትና የውኃ ቆጣሪን ነው። ቆጣሪ ይነበባል፤ የሚያነበውም ሰው «ቆጣሪ አንባቢ» ይባላል። ቆጣሪ ገንዘብ እንደማይቆጥር፣ ሂሳቡ የሚገኘው ንባቡ በታሪፍ ሲባዛ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አዲስ ተከራይ ሲገባ የዕለቱን ንባብ ይጽፋል፤ የእርሱ ፍጆታ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። በግቢው ሰዎች መካከል ጠብ በሚነሣበት ጊዜ ቆጣሪው ልክ ሆኖ ሂሳቡ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ረቂቁ በብዙ ገጽ ሊያስረዳ የሞከረው ነገር አብዛኛው በዚህ ውስጥ አለ። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተከራይተው የሚሠሩት ሥርዓተ ክወናዎች ቆጣሪውን ሲያነቡ፣ አስተናጋጁ ሦስት ነገር ሊያደርግ ይችላል። ወይ እያንዳንዱን ንባብ አስቁሞ ራሱ መልስ ይሰጣል፤ ይህ ለመቆጣጠር ይመቻል፤ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ቆጣሪው የተወደደበትን ፍጥነት ያጠፋዋል። ወይ ንባቡን በቀጥታ ይፈቅድና ለየተከራዩ የተመደበ ቁጥር ደምሮ ወይም ቀንሶ ያሳያል፤ ይህ ተከራዩ ሲገባ የጻፈው ንባብ ነው። ወይም ደግሞ፣ ፕሮሰሰሩ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ከመደመሩ በፊት በአንድ ቁጥር ያባዛዋል። የሦስተኛው ጥቅም የሚታወቀው ተከራዩ ቤት ሲቀይር ነው። በሴኮንድ 2.5 ቢሊዮን በሚቆጥር ኮምፒዩተር ላይ ፍጥነቱን አስልቶ የያዘ ሥርዓተ ክወና፣ ሳይቆም በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ወደሚቆጥር ኮምፒዩተር ቢዛወርና ማባዣው ባይስተካከልለት፣ እውነተኛው አንድ ሰዓት በእርሱ ዘንድ 72 ደቂቃ ይሆናል። ቆጣሪው አንድም ምት አልዘለለም፤ አንድም አልደገመም። ዛካሪ አምስደን እ.ኤ.አ. በ2010 ለሊኑክስ ከርነል ሰነዶች ያዘጋጁት ጽሑፍ ስለዚሁ ጉዳይ በሰፊው ያትታል፤ ተርጓሚዎቻችን ቃላቱን ከመቁረጣቸው በፊት ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

ከዚህ በኋላ «አስተማማኝ አይደለም» የሚለው ፍርድ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ይታያል። ለምን ነገር አስተማማኝ? ፍጥነቱ ወጥ ነው ወይ? ፕሮሰሰሩ ሲያንቀላፋ የማያቋርጥ ነው ወይ? ከኮር ወደ ኮር የተጣጣመ ነው ወይ? ንባቡ ወደ ኋላ የማይል ነው ወይ? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ናቸው፤ ለአንዱ «አዎ» ለሌላው «አይደለም» ሊባል ይችላል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል አለው፤ ረቂቁ ግን ሦስቱን «አስተማማኝ» ብሎ ከጠቀለለ በኋላ አራተኛውን «አሰልቺ ሰዓት» ብሎታል። ይህ የመጨረሻው፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄደውን ሁልጊዜ በአንድ ዜማ ከሚናገረው ጋር ያምታታ መዝገበ ቃላት ያመጣው ጣጣ ይመስለናል። «ወደ ኋላ የማይል ሰዓት» ቢባል ማንም ይረዳዋል።

በተመሳሳይ ሁኔታ ረቂቁ «የሰዓት ልዩነት» የሚለውን ሐረግ ለሁለት ነገር ያውለዋል። አንዱ የመነሻ ልዩነት ነው፤ ሌላው የፍጥነት መዛነፍ ነው። የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመለየት ከማንም ይልቅ የተዘጋጀ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የእኛ አንድ ሰዓት የፈረንጆቹ ሰባት ሰዓት ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም እኩል ይሮጣሉ፤ የሚለያዩት መቁጠር በጀመሩበት ላይ ነው። ይህ የመነሻ ልዩነት ነው፤ ስድስት ቀንሶ ማረም ይቻላል። በየቀኑ አራት ሴኮንድ የሚቀድም የግድግዳ ሰዓት ግን በቅነሳ አይታረምም፤ ዛሬ ብታርመው ነገ ይቀድማል። ይህ መዛነፍ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ መጽሐፍ ሠልጣኙን መደመር በሚያስፈልግበት እንዲያባዛ፣ ማባዛት በሚያስፈልግበት እንዲደምር ያደርገዋል።

ስለ «ምናባዊ ማሽን» ብዙ አንልም፤ ቃሉ እየተለመደ ነው፤ ከእንግዲህ ይነቀላል ብለን ተስፋ አናደርግም። ይሁን እንጂ ምናብ የሌለን ነገር በአሳብ መፍጠር ነው። «የምናባዊ ማሽን ቆጣሪ» ሲባል አንባቢው በእውን የሌለ ቆጣሪ አድርጎ ያስባል። እውነቱ ግን ተከራዩ የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ የብረቱን ቆጣሪ መሆኑ ነው፤ ችግሩም ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ቢያንስ ነገሩ ስለ ጊዜ ልኬት በሆነበት ቦታ «ተከራይ ሥርዓተ ክወና» እና «አስተናጋጅ» ቢባል ይሻላል። ለሁለተኛው «አከራይ» ማለት ይበልጥ ይስማማ ነበር፤ «አስተናጋጅ» ምግብ ቤት ውስጥ ትእዛዝ የሚቀበለውን ሰው ያስታውሳልና። ነገር ግን ባለሙያዎቹ ስለለመዱት ትተነዋል።

ረቂቁ «አስኳል» የሚለውን ለከርነልም ለኮርም መስጠቱ ይህን ያህል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «እያንዳንዱ አስኳል የራሱ ቆጣሪ አለው፤ አስኳሉም ያስማማቸዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገኛል፤ ሦስት ጊዜ አንብበን ነው የገባን። ላፕቶፕ ለመግዛት ወደ ሱቅ የገባ ሰው ሁሉ «ኮር አይ ፋይቭ ነው ወይስ ኮር አይ ሰቨን» ብሎ ስለሚጠይቅ «ኮር» ገበያው ያጸደቀው ቃል ነው። «አስኳል» ለከርነል ብቻ ይቆይ፤ ካልሆነም «ከርነል» እንዳለ ይጻፍ። ባለሙያ ተርጓሚ ያገር ቃል መጠቀምን ሁልጊዜ ከመዋስ አብልጦ ማየት የለበትም። ረቂቁ የመጣበት ክፍለ ከተማ ስሙን ካገኘባቸው ቃላት አንዱን ብንመለከት ይህ ግልጽ ይሆናል። «ስልክ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ሽቦ ማለት ነው። ሽቦ የሌለው መገናኛ ሲመጣ አባቶቻችን «ነፋስ ስልክ» አሉት፤ በቀጥታው የነፋስ ሽቦ ማለት ነው። ግማሹ የተዋሰ፣ ግማሹ የአገር፣ የነገሩን አሠራር ግን በሁለት ቃል የያዘ ስያሜ ነው። ዕቃው በሌላ ስም መጠራት ከጀመረ ቆይቷል፤ ስያሜው የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል።

«የሰዓት አቋራጭ» ለሚለውም አንድ ቃል እንናገር። ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ የሚያስቆመውን ምልክት ለማለት ነው የታሰበው። «አቋራጭ» ግን ወደ ቤት ቶሎ የሚያደርስ መንገድ ነው። «ጣልቃ ጥሪ» ቢባል ይበቃል።

በመጨረሻ ረቂቁ «ጠባቂ ውሻ» ብሎ የተረጎመው ነገር አለ። የሊኑክስ ከርነል ቆጣሪውን ብቻውን አይተወውም፤ በየግማሽ ሴኮንዱ ከሌላ መለኪያ ጋር ያስተያየዋል፤ ልዩነቱ ከተወሰነው ወሰን ካለፈ ቆጣሪውን «የተረጋጋ አይደለም» ብሎ ይሽረውና ወደ ዘገምተኛው መለኪያ ይዞራል። «ዘበኛ» ቢባል በቂ ነው፤ ውሻው የእንግሊዝኛው ነው። ነገር ግን ቃሉ የሚያስከፋን ከዚህ በላይ በሆነ ምክንያት ነው። ረቂቁ ይህን ሥራ ሲገልጽ «ጠባቂ ውሻው ቆጣሪው መበላሸቱን ያረጋግጣል» ይላል። በተከራይ ሥርዓተ ክወና ውስጥ ይህ ሐሰት ሊሆን ይችላል። ዘበኛው አንዱን መለኪያ አንብቦ ሁለተኛውን ሳያነብ አስተናጋጁ ፕሮሰሰሩን ለሌላ ተከራይ ሊሰጥበት ይችላል። ተመልሶ ሁለተኛውን ሲያነብ በመካከል ያለፈው ጊዜ የቆጣሪው ጥፋት ሆኖ ይታየዋል። ያንቀላፋው ዘበኛው ሆኖ የሚከሰሰው ቆጣሪው ነው። ከጊዜ በኋላ የወጡት ከርነሎች በዚህ ምክንያት ንባቡን ደጋግመው ካነበቡ በኋላ ነው የሚፈርዱት። «ያረጋግጣል» የሚለው ግሥ ስለዚህ ወጥቶ «ይጠረጥራል» መግባት አለበት።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስል፣ መጽሐፉ የተዘጋጀለትን ሠልጣኝ እናስብ። ነገ የአንድን ድርጅት ደረሰኞች የሚመዘግቡ ተከራይ ሥርዓተ ክወናዎችን ያስተዳድራል። «አስተማማኝ አይደለም» የሚለውን እንደ ሕግ ከያዘው፣ ቆጣሪው ወጥና የተጣጣመ በሆነበት ቦታ ሁሉ ሳይቀር ከልክሎ በእያንዳንዱ ንባብ ፍጥነት ይከስራል። ሌላው ደግሞ ዐዲስ ፕሮሰሰር አይቶ «አስተማማኝ ነው» ብሎ ከተወው፣ ማባዣ በሌለበት በተዛወረ ማግስት ኋላ የተቆረጠው ደረሰኝ ቀድሞ እንደተቆረጠ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ሁለቱም የታዘዙት በአንድ ቅጽል ነው።

ስለዚህ የረቂቁ ዋና ዐረፍተ ነገር እንዲህ ቢታረም እንወዳለን፦ «የፕሮሰሰሩ የምት ቆጣሪ ፍጥነቱ ወጥ፣ በኮሮች መካከልም የተጣጣመ ሆኖ ሳለ፣ ተከራይ ሥርዓተ ክወና ወደ ሌላ አስተናጋጅ በሚዛወርበት ጊዜ የቆጠራው መነሻና ማባዣ ካልተስተካከሉለት ጊዜን ለመለካት አይበቃም።» ረዝሟል፤ እንዲያጥር ሞክረን አንዱን ቃል ባወጣን ቁጥር አንዱ ትርጉም አብሮ ወጣብን። አስተናጋጁ መነሻውንና ማባዣውን በጋራ ገጽ ላይ ጽፎ ተከራዩ ራሱ እንዲያሰላ የሚያደርግበት ዘዴም አለ፤ በረቂቁ «የጋራ ሰዓት» የተባለው እርሱ ነው። እኛ «የተለጠፈ ማስሊያ» እንዲባል እናቀርባለን፤ በግድግዳ እንደሚለጠፍ ታሪፍ ያለ ነገር ነውና።

ያልወሰንንበት አንድ ቃል ቀርቷል። ተከራዩ ለመሥራት ተዘጋጅቶ ሳለ አስተናጋጁ ፕሮሰሰሩን ለሌላ በመስጠቱ የሚያልፍበትን ጊዜ ረቂቁ «የተሰረቀ ጊዜ» ይለዋል። ከኮሚቴያችን ግማሹ ደግፎታል፤ ግማሹ ደግሞ አከራይ የራሱን ዕቃ ለሌላ ቢሰጥ ሌባ አይባልም ብሎ «የተነፈገ ጊዜ» እንዲሆን ጠይቋል። የአንባቢያን አስተያየት ሲደርሰን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።